አንድ አንጓ ቅባት

«እጇን ካዩት አለቀልን። ችፌ ነው ብሎ የሚያልፍ አይኖርም፤ ዘር ነው የሚሉት» አለች ምሥራቅ። ሥራነሽ ከመጋረጃው ወዲህ ሆና ለእንግዶቹ የሚወጡትን ብርጭቆዎች እየወለወለች ነበር። ወንድሟ ደምለው ለሚስቱ መልስ ሳይሰጥ ቆየ። ሥራነሽ ይህን ዝምታውን ከልጅነቱ ጀምራ ታውቀዋለች፤ የሚያሳፍር ነገር ሊያደርግ ሲቆርጥ አስቀድሞ ዝም ይላል። ቆይቶ ጉሮሮውን ጠረገና «ሉማሜ ለቅሶ አለ ብለን እንልካታለን፤ ማታ ትመለሳለች» አለ። ሉማሜ ለቅሶ የሚደርሱለት ሰው እንደሌላቸው ከማንም ይበልጥ የምታውቀው እሷ ናት። ብርጭቆውን ድምፅ እንዳያሰማ አድርጋ ትሪው ላይ አስቀመጠችና ሌላውን አነሣች።

ቀኑ ቅዳሜ ነው። ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎች ከዲማ በኩል መጥተው አርሴማን አንተነህ ለሚባል ልጅ ሊለምኑ ነው። አርሴማን የወለደቻት ምሥራቅ ናት፤ ሐሰት አይነገርም። ነገር ግን ምሥራቅ ገጠር ተመድባ በምታስተምርባቸው ዓመታት ልጅቷ ጥርስ ያበቀለችው፣ ፊደል የቆጠረችው፣ ኩፍኝ ይዟት ስታቃስት ያደረችው በሥራነሽ ጀርባና ጭን ላይ ነው። ሥራነሽ ባል አላገባችም፤ የራሷ ልጅም የላትም። ቀን ቀን ሆቴል ጓዳ ድስት ስታጥብ ውላ፣ ማታ ማታ ለአርሴማ እናት ትሆን ነበር። ኦሞውና በረኪናው እጇን የበላው ያኔ ነው። ለዛሬዋ ቀን የተመኘችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሳሎኑ ጥግ ባለችው ዱካ ላይ ቁጭ ብላ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ «ልጃችንን ሰጥተናል» ሲባል በጆሮዋ መስማት። ይቺ ደግሞ ላሳደገች አክስት በዛች የምትባል አይደለችም።

እጇም ጉድ የሆነው ለዚህችው ቀን ስትል ነው። ባለፈው ዓመት ጤና ጣቢያ ሄዳ አንዲት ትንሽ ቲዩብ ቅባት ተሰጥቷት ነበር። ጧትና ማታ ስስ አድርገው፣ ለሁለት ሳምንት ብቻ፣ ከዚያ ተመልሰው ይምጡ ተብላ ነበር። ቅባቱ ያን ሌሊት ሌሊት የሚያስነሣትን ማሳከክ በጥቂት ቀን ቀጥ ሲያደርገው ደስታ አስለቀሳት። መመለሱን ግን ተወችው፤ ሰፈር ያለው መድኃኒት ቤት ያለ ወረቀት ይሸጥላት ነበርና። ዋጋው በገዛች ቁጥር ይጨምራል፤ እሷም «ከቅቤ ይረክሳል» እያለች ትገዛለች። የሽማግሌዎቹ ቀን ሲቆረጥማ ጭራሽ ባሰባት። በእኛ አገር ቅቤ ራስ ላይ ሲደረግ ማን ይሰስታል? እስኪንጠባጠብ ነው፤ የተረፈው ለግንባርም ለእጅም ይሆናል። ሥራነሽ ቅባቱንም በዚሁ ሚዛን መዘነችው። ማታ ማታ በወፍራሙ ትለቀልቅና፣ ቶሎ እንዲሠራልኝ ብላ ሁለቱንም እጆቿን በፌስታል ጠቅልላ፣ በክር አስራ ትተኛለች። መጀመሪያ ላይ እጇ አማረ፤ አርሴማ ሳትቀር «እታይ፣ ሙሽራዋ አንቺ ነሽ እንዴ?» ብላ ቀልዳባታለች። ወራት ሲያልፉ ግን ቆዳዋ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳሳ፤ የበር እጀታ ሲመታት ይበልዛል፣ ዘንቢል ስታነሣ ይቀደዳል። ደንግጣ ቅባቱን እርግፍ አድርጋ ስትተወው ደግሞ የተኛው ችፌ በቁጣ ተነሣ። ይኸውና ቀኑ ሲደርስ እጇ ከድሮውም ብሶ ቀልቷል፣ ተሰነጣጥቋል፣ ስንጥቁም ደም ያቀርራል። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ ሥራነሽ ግን ጨንቋት ያደረገችው ሁሉ ዞሮ በራሷ ላይ ወደቀ።

ቁርስ ላይ ደምለው ዳቦውን እየቆረሰ ስለ ጤፍ መወደድ አወራ፤ የባጃጅ ሂሳብም እንደገና ሊጨምር ነው አለ። ምሥራቅ ሶፋው ላይ ያነጠፈችውን አዲስ ጨርቅ ስታስተካክል፣ ተነሥታ ስታይ፣ ደግሞ ስታስተካክል ነበር። ግድግዳው ላይ ምሥራቅ የተመረቀችበት ፎቶግራፍ አለ፤ ከእሱ አጠገብ የሥራነሽና የአርሴማ ፎቶ ተሰቅሎ የነበረበት ቦታ ዛሬ ጧት ባዶ ነው፤ ምስማሩ ብቻ ቀርቷል። አርሴማ ጥግ ላይ ቀሚሷን ትተኩሳለች። «እትዬ፣ ሉማሜ ለቅሶ አለ» አለ ደምለው በመጨረሻ፣ ዓይኑን ከሻዩ ሳያነሣ። «ከእኛ ቤት አንድ ሰው እንኳ ካልደረሰ ነውር ነው።»

«ማን ሞተ?» አለች ሥራነሽ።

ደምለው ይህን አላሰበበትም ነበር። «የአጎታችን… የሚስቱ ወገን ነው መሰለኝ» አለ።

«ነፍስ ይማር» አለች። ካውያው ቀሚሱ ላይ ቆመ፤ አርሴማ ግን ቀና አላለችም። ሥራነሽ ለመከራከር አቅሙ አልነበራትም። ሆድ ይፍጀው ብላ ነጠላዋን አነሣች። ደምለው የመሳፈሪያውን ብር ሲያወጣ እጇ ላይ ሊያኖርላት እጁን ዘረጋና፣ መንገድ ላይ ሐሳቡን ቀይሮ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠላት። እጅ ከእጅ መንካት ፈርቶ ይሁን አፍሮ አላወቀችም፤ ያም ሆነ ይህ አመማት።

ወደ መናኸሪያ ስትወርድ እግሯ ወደ ጤና ጣቢያው ታጠፈ። ሌሊቱን ጥሎ ያደረው ዝናብ ግቢውን አጭቅይቶታል፤ ሰዉ ጫማውን በድንጋይ ላይ እየፋቀ ደረጃው ላይ ይወጣል። በረንዳው ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር አንድ ጥምጣም ያሰሩ ቄስ ለብቻቸው ተቀምጠዋል፤ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ቀብረዋል። ሥራነሽ ጎንበስ ብላ «ይባርኩኝ አባታችን» አለች። ቄሱ አመነቱ። ከዚያ መስቀሉን በጋቢያቸው ጫፍ ጠቅልለው ይዘው አወጡ፤ እሷ ስትሳለም ጋቢው ሸርተት አለና የጣቶቻቸው ስንጥቅ ታየ። እሷም ለመሳለም ስትጠጋ የእሷ እጅ ከነጠላዋ ወጥቶ ኖሯል።

«አንቺም ነሽ?» አሉ ቄሱ ቀስ ብለው።

«እኔም ነኝ አባታችን።»

ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁላት። «እኔን ከልጅነቴ ነው የያዘኝ፤ አባቴንም እንዲሁ ያደርገው ነበር። የከበደኝ ክህነቱ ነው። እጄ ደም ካወጣ መቅደስ አልገባም፤ ስንት ቅዳሴ አለፈኝ መሰለሽ። ሰዉም መስቀሉን ሊሳለም ይመጣና እጄን ሲያይ ወደ ኋላ ይላል። ሥጋ ደዌ ይመስለዋል። ለማን ታስረጂዋለሽ፣ እኅቴ?» አሉ። ሥራነሽ እኅቴ ስትባል ዓይኗ እንባ ሞላ። ጧት ከገዛ ወንድሟ ቤት ተደብቃ እንድትውል የወጣች ሴት፣ በማታውቃቸው ሰው አፍ እኅት ሆነች። ስለ ቤቷ ግን አልነገረቻቸውም፤ ስለ ዝናቡና ስለ ቅባቱ መወደድ አወሩ።

ነርሷ ሲስተር ሃኒ ወረፋው ስለበዛባት ሁለቱን አንድ ላይ አስገባቻቸው፤ ቄሱን በክትትል ታውቃቸዋለች። የሥራነሽን እጅ ገልብጣ አየች፤ ዓይኗን አስጨፍናም በጥጥ ጫፍ ነካ ነካ አደረገችው። «ይሰማዎታል?»

«ይሰማኛል እንጂ፣ ያቃጥለኛል።»

«እንኳን አቃጠለዎት። የሥጋ ደዌ ምልክት የለብዎትም እማማ፤ ይህ ችፌ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይጋባም። እንዴት አድርገው ነው የቀቡት?» ሥራነሽ አንገቷን ደፍታ ፌስታሉንም ክሩንም ነገረቻት። ሃኒ አልተቆጣችም። «ቅባቱ ክፉ አይደለም» አለች። «ስቴሮይድ የሚባል ነው፤ የተቆጣ ቆዳን ያበርዳል፣ ማሳከክን ይቆርጣል። ሲበዛና ያለ ክትትል ሲቆይ ግን ቆዳን ያሳሳል። ፌስታል ሲደረግበት ደግሞ ጉልበቱ እጥፍ ይሆናል። አባ፣ እስቲ መጠኑን ያሳዩልኝ።»

ቄሱ ደቀ መዝሙር እንዳገኘ መምህር ቀና አሉ። ቲዩቡን ከጉያቸው አውጥተው ከሌባ ጣታቸው ጫፍ እስከ መጀመሪያዋ አንጓ ቀጭን መስመር አወጡ። «ይቺን ታህል ለአንድ እጅ፣ ለመዳፉም ለጀርባውም ትበቃለች» አሉ። «እኔም መጀመሪያ የምትጠቅም አልመሰለችኝም ነበር።» ሃኒ ቀጠለች፤ ለስለስ ያለ ቅባት እሰጥዎታለሁ፣ እርግፍ አድርገው አይተዉትም፣ ማታ ማታ ስስ አድርገው ይቀቡትና ሲሻልዎት ቀን እየዘለልን እንቀንሳለን አለቻት። ውሃ በነኩ ቁጥር ቫዝሊን፣ ዕቃ ሲያጥቡ ጓንት። ፊት ላይ እንዳይቀቡት፣ ለሌላ ሰውም እንዳያውሱት፣ በሁለት ሳምንት ይምጡ።

«የሳሳው ይመለሳል?»

«እጅ ነውና ቀስ እያለ ይደነድናል። እኔ ግን ዛሬ ይደርሳል ብዬ አልዋሽዎትም።»

ዛሬ አይደርስም። ይህን ጧትም ታውቀው ነበር፤ ከሌላ ሰው አፍ ስትሰማው ግን እንደ አዲስ ከበዳት። በረንዳው ላይ ሲለያዩ ቄሱ «ክርስትና ስምሽን ንገሪኝ፤ በጸሎት አስብሻለሁ» አሏት።

«ወለተ ሚካኤል።»

«ወለተ ሚካኤል» ብለው ደገሙት፣ እንዳይጠፋቸው። «እኔ ወልደ ሰንበት እባላለሁ። አይዞሽ።»

መናኸሪያ የሉማሜው ሚኒባስ አንድ ሰው ጎድሎት ቆሟል፤ ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያለ ነጠላዋን ሊጎትት ምንም አልቀረውም። ሥራነሽ ደረጃው ላይ አንድ እግሯን አሳርፋ ቆየች። ሉማሜ ወርዳ ምን ልታደርግ ነው? ሻይ ቤት ተቀምጣ ያልሞተ ሰው ልታለቅስ? እግሯን መለሰችው። ከሳሎኑ ባልቀመጥ ከማድ ቤቱ ሆኜ እሰማለሁ አለች በሆዷ፤ እሱን የሚከለክለኝ የለም።

በጓሮው በር ስትገባ ሽማግሌዎቹ ደርሰዋል። ማድ ቤቱን ከሳሎኑ የሚለየው ያው መጋረጃ ነው። ምሥራቅ ጠላ ልትቀዳ ስትመጣ አየቻትና ክው አለች። «እትዬ! ለቅሶውስ?» አለች በሹክሹክታ። «መኪና ሞላብኝ» አለች ሥራነሽ። ምሥራቅ ፊቷ ላይ ንዴትም ፍርሃትም ነበረ፤ ክፉ ሴት ሆና አይደለም፣ ልጇን ብላ ነው። «በማርያም ይዤዎታለሁ፣ ከዚህ ንቅንቅ እንዳይሉ» ብላ የጠላውን ማንቆርቆሪያ ይዛ ወጣች።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው። እንደ ደንቡ ካልተሰማን አንቀመጥም ብለው ቆሙ፤ ደምለውም እንደ ደንቡ ጥቂት አስቁሞ አስቀመጣቸው። የልጁ ጨዋነት ተነገረ፣ የመንገድ ሥራው ተነገረ፣ ስለ ዝናቡም ተወራ። ከዚያ አንደኛው፣ ድምፃቸው ጎርነን ያለው፣ «ዘመኑ ቢለዋወጥም ያባቶቻችንን ደንብ መዝለል አይሆንም» አሉ። «በአጥንት በኩል እንጠያየቅ።»

«በእኛ በኩል የጠራ ነው» አለ ደምለው። «የሚያሳፍር ደዌ ቤታችን ገብቶ አያውቅም።»

«አይከፋህና፣ እኅት አለችው፣ እጇን ያማታል ሲባል ሰምተን ነበር» አሉ ያው ሽማግሌ።

ዝም አለ። ሥራነሽ ያን ዝምታ ታውቀዋለችና ግድግዳውን ያዘች። «እሷ እኅቴ አይደለችም» አለ ደምለው። «ሠራተኛችን ናት። በልጅነቷ ቤታችን ስለገባች ሰዉ እኅቱ ይላታል።»

ሥራነሽ ወንድሟን ተወችው፤ የአርሴማን ድምፅ ጠበቀች። ልጅቷ እዚያው ከእናቷ አጠገብ ተቀምጣለች፤ ስትተነፍስ እንኳ የምትሰማ ይመስላል። አንዲት ቃል፣ «ኧረ አባዬ» የምትል ብቻ ትበቃት ነበር። አልመጣችም። ሥራነሽ በሕይወቷ ብዙ አዝናለች፤ እናትና አባቷን ቀብራለች፣ እንዲህ ግን አላዘነችም።

«በእናንተስ በኩል?» አለ ደምለው፣ ነገሩን ቶሎ ለማሻገር።

«በእኛም በኩል ንጹሕ ነው። ከአባት እስከ ቅድመ አያት ቆዳው የተነካ የለም። እኔ አጎቱ ነኝ፣ እኔ እመሰክራለሁ» አለ ሌላ ድምፅ። ድምፁን ያወቀችው ወዲያው ነው። ጧት አግዳሚው ላይ «አባቴንም እንዲሁ ያደርገው ነበር» ያለው ድምፅ ነው፤ ቄስ ወልደ ሰንበት ናቸው።

አንድ ቃል ብትተነፍስ የሁለቱም ቤት ውሸት ይፈርስ ነበር። መጋረጃውን ገልጣ «አባ፣ የኔንም የእርስዎንም እጅ እናሳያቸው፤ ነርሷ ምን እንዳለች እንንገራቸው» ብትል በምን ይመልሳሉ? ምናልባት ሁሉም ያፍርና ይስቅ ይሆናል። ምናልባትም ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን አንሥተው ይሄዳሉ፤ አርሴማም የሚወዳትን ልጅ አጥታ እዚህ ቤት ትቀራለች፣ በአክስቷ እጅ ምክንያት። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ይላሉ፤ ሥራነሽ ግን ያን ቀን የት እንደምትውል አላወቀችም። የእንጀራው ሰዓት ደርሶ ምሥራቅ የእጅ ውሃ ልታመጣ ስትነሣ፣ ማንቆርቆሪያውንና ማስታጠቢያውን ቀድማ ያነሣችው እሷ ነበረች። ሠራተኛ ከተባለች ሠራተኛ ማንን ትፈራለች? ነጠላዋን እስከ ጣቶቿ አውርዳ ወጣች።

ደምለው ከመቀመጫው ሊነሣ ቃጣውና ተቀመጠ። ለመጀመሪያው ሽማግሌ አስታጠበች፣ ለሁለተኛውም። ሁለቱም ወሬያቸውን አላቋረጡም፤ የሠራተኛ እጅ ማን ያያል! ከዚያ ቄሱ ዘንድ ደረሰች። እጃቸውን ከጋቢያቸው ቀስ አድርገው አወጡ፣ መዳፋቸውን ወደ ራሳቸው አዙረው። ስንጥቁ ላይ ያቺ ጧት የወጣች ቅባት አሁንም ትንሽ ታብለጨልጫለች። ውሃው ሲወርድ ነጠላዋ ሸሸ፤ ቄሱ መጀመሪያ እጇን አዩ፣ ከዚያ ቀና ብለው ፊቷን። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ውሃውን ማቆም ረስታ ታንቆረቁር ነበር። «ይበቃል» አሉ። «እግዜር ይስጥሽ።» እጃቸውን ሳያደርቁ ወደ ጋቢያቸው መለሱት። እሷም ማስታጠቢያውን ይዛ ተመለሰች።

ከበሉ በኋላ ደምለው «ልጃችንን ሰጥተናል» አለ። የተመኘችውን በጆሮዋ ሰማችው። ምሥራቅ እልል አለች፤ ሥራነሽ ማድ ቤቱ ውስጥ ማስታጠቢያውን ደፋች። ቄስ ወልደ ሰንበት ተነሥተው ጸሎት አደረጉ። የቤቱን ሰው በየክርስትና ስሙ እየጠየቁ ጠሩ፤ ደምለውን፣ ምሥራቅን፣ ሁለቱን ሙሽሮች። በመጨረሻም «ወለተ ሚካኤልንም በምሕረትህ አስባት» አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። ሁሉም አሜን አለ።

እንግዶቹ ተሸኝተው በሩ ሲዘጋ ምሥራቅ ሶፋው ላይ ዘፍ አለች። «ተመስገን! ግን ቄሱ መጨረሻ ላይ የጠሯት ወለተ ሚካኤል ማን ናት? እኛ አልነገርናቸውም።»

ደምለው ያውቃል። እናታቸው እስክትሞት ድረስ ሥራነሽን በሌላ ስም ጠርታት አታውቅም፤ በልጅነታቸው ሰፈር «ወለተ ሚካኤል፣ ወንድምሽን ያዢው!» ስትባል እየሰማ ያደገው እሱ ነው። ዝም አለ፤ ከዚያ «እንጃ፤ የእነሱ ሟች ትሆናለች» አለ።

ማድ ቤቱ ውስጥ ሥራነሽ እጇን አድርቃ አዲሱን ቅባት ከፍታ ነበር። ከሌባ ጣቷ ጫፍ እስከ መጀመሪያዋ አንጓ አወጣች፣ አንዱን እጅ ስስ አድርጋ ቀባች፤ ደግሞ ለሁለተኛው። በእርግጥም ትበቃለች። መጋረጃው ተገለጠና አርሴማ በሁለት እጇ ትሪ ይዛ ገባች፣ ብርጭቆዎቹ እርስ በርስ እየተንኳኩ። ዓይኗ ቀልቷል። «እታይ» አለች። ክርስትና ስሟን እሷም ታውቀዋለች፤ ሕፃን ሳለች በአክስቷ እቅፍ ሆና ስትቆርብ የሁለታቸው ክርስትና ስም አብሮ ሲጠራ ነው የሰማችው።

ሥራነሽ እንዳይነካባት እጆቿን ከፍ አድርጋ ወደ ሳፋው በአገጯ አመለከተች። «ዛሬስ አንቺ እጠቢያቸው፣ ልጄ» አለች። «እኔ እጄን ተቀብቻለሁ።»